ከቡቺ የተረፈው ገንዘብ

በግቢያችን ሰሞኑን የተነሣው ክርክር ስለ ውሻ ይምሰል እንጂ ስለ ገንዘብ ነው። ቡቺ ቡችላ ሳለች በክረምት ከጎርፍ ቦይ ያወጣቻት አንዲት ወጣት ጎረቤታችን ናት። ባለፈው ሳምንት ማታ በዋናው በር ላይ ቡቺን መኪና ገጫት።

የእንስሳት ሐኪሙ ከንፈሯን ገልጦ ድዷን በጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀ። ጤነኛ ውሻ ብትሆን የነጣው ቦታ 2 ሰከንድ ሳይሞላ ተመልሶ ይቀላ ነበር፤ የቡቺ ግን እንደ ነጣ ቆየ። ራጁ ደግሞ ሆድንና ደረትን የሚለየው ስስ ጡንቻ ተቀድዶ አንጀቷ ሳንባዋን መጫኑን አሳየ። ቀዶ ሕክምና ካላገኘች ትታፈናለች ተባለ። ልጅቷ በማግስቱ ደብተር ይዛ በየደጁ ዞረች፤ እቤት ያልተገኘው በቴሌብር ላከ። ገንዘቡ ቶሎ ሞላ፤ ቡቺ ግን ቀዶ ሕክምናው ሳይጀመር ሞተች። ሐኪሙ የራጁንና የመድኃኒቱን ብቻ አስከፍሎ፣ ከተሰበሰበው ከግማሽ በላይ ተረፈ።

እሑድ ቡና ላይ ነገሩ ፈነዳ።

«ድሮም ብያለሁ» አሉ ጡረተኛው ጎረቤታችን። «በመኪና ድምፅ ማጉያ ሰቅለው ለኩላሊት ሕመምተኛ ሲለምኑ መስኮት ትዘጋላችሁ፤ ለውሻ ሲሆን ኪሳችሁን ትገለብጣላችሁ።»

«ለኩላሊቱስ እርስዎ ስንት ሰጡ፣ ጋሼ?» አለች ቡና የምታፈላው።

«ቀኜ የሰጠውን ግራዬ አያውቅም።»

«ቀኝዎም የሚያውቅ አይመስለኝም።»

የእድራችን ገንዘብ ያዥ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁና፣ ብሩ ለየሰጪው ይመለስ አሉ። በቡቺ ስም የተሰበሰበ ለሌላ ነገር አይውልም፤ እድር ለሐዘን ያዋጣውን ለወንበር መግዣ ቢያደርገው ማን ዝም ይላል? ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «ጋሼ፣ ከበሩ ውጭ ሌላ የምታነክስ ውሻ አለች፤ እሷን ላሳክምበት» ስትል፣ «የትኛዋን? መራጩስ ማን ነው?» ብለው አፏን አስያዟት።

አምና ልጇን ውሻ የነከሰባት እናት እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ነበር። ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ካጠበች በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛው ሮጣ፣ ክትባቱን እስኪጨርስ ድረስ እንቅልፍ አልነበራትም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። «በተረፈው ብር የበሩን ውሾች አስከትቡልኝ» አለች።

«መርዝ ይረክሳል!» አሉ ጡረተኛው። ከተማችን የጎዳና ውሾችን በመርዝ ስታስገድል ኖራለች፤ ውሾቹ ግን ዛሬም አሉ። አንድ ሰፈር ሲጸዳ ያልተከተቡ ሌሎች ምግብ ፍለጋ ይገቡበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ደግሞ ግልጽ ነው፦ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉን ያቆማል። ይህን ስናገር ጡረተኛው ሲኒያቸውን ገልብጠው ተነሡ፤ ሦስተኛውን ሳይጠጡ።

ፍርዴን ልስጥ። ለውሻ መለመን ነውር አይደለም። የልጅቷን ደረሰኞች አይቻለሁ፤ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ግን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፍ የነበረበት አልተጻፈም፦ ሐኪሙ የገመተው ዋጋ፣ ሥቃይዋ ከዚህ ካለፈ እንድታርፍ እናደርጋለን የሚለው ወሰን፣ ብትሞት ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ። ከፋዮቹም በእሷ ስልክ ሳይሆን በቀጥታ ለክሊኒኩ ቢልኩ ሐሜት በር አያገኝም ነበር። ቸኩላ ነው፤ ውሻ እያቃሰተች ማን ደንብ ያረቅቃል? ለሚቀጥለው ግን ገንዘብ ያዡ ያርቅቁላት፤ ለዚህ የተፈጠሩ ሰው ናቸው።

የተረፈውን በተመለከተ ገንዘብ ያዡም እናቲቱም ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው። ሳይጠየቁ ማዛወር አይገባም፤ 50 ብር የሰጠው ሁሉ ይመለስልኝ ይላል ብሎ ማሰብም ሰውን መናቅ ነው። ልጅቷ ያንኑ ደብተር ይዛ ትዙር፤ መልሽልኝ ላለ ትመልስ፤ በቀረው የበሩ ውሾች ይከተቡ። ለአንዲት ውሻ ቀዶ ሕክምና የታሰበ ገንዘብ ለብዙ ውሾች መርፌ ይበቃል። ክትባቱ በየዓመቱ ስለሚታደስ፣ የተከተቡት ውሾች ካርድ በጥበቃው ቤት ይቀመጥ፤ ቀኑን የሚያስታውስ ሰውም ከአሁኑ ይመረጥ። ጡረተኛው ስማቸው በደብተሩ ስለሌለ አይጠየቁም፤ ውሾቹ ሲያዙ ገመድ እይዛለሁ ካሉ ግን እንቢ የሚላቸው የለም።