ለክቡር የመሰናበቻ ቀን ዝናብ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ዝናብ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እቃ በምንሸክፍበት ሰዓት ብቻ የመምጣት ልማድዎን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ፣ ትንሽም የረጠበ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ሦስት ቀን ሙሉ ሜዳው ላይ ስንሰፍር የት እንደነበሩ አልጠይቅም። ልጆቹ አቧራ ለብሰው ሲውሉ አንዲት ጠብታ እንኳ አልላኩልንም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን የመጀመሪያውን ወንበር ሳጥፍ ከች አሉ። ቀጠሮ አክባሪ በጠፋበት ዘመን እንዲህ ያለ ትጋት ሽልማት ይገባዋል።

በአንድ ነገር ግን ልመስክርልዎ። የእኛ ተሽከርካሪ ቤት፣ ካራቫን የሚሉት፣ ጣሪያው አያፈስም። በራስዎ ጉልበት ሰብረው ገብተው አያውቁም። በሩን ከፍቶ የሚያስገባዎ ባንዳ እኔው ነኝ።

ለምሳሌ ከቤቱ ጎን የሚዘረጋውን የጥላ ሸራ እንመልከት። 4 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል፣ በአጠቃላይ 10 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሚሆን፣ 10 ሚሊሜትር ጥለው ውሃው ሸራው ላይ ቢቋጠር 100 ኪሎ ማለት ነው። ሸራውን ዘርግተው የሚይዙት ክንዶች የተሠሩት ጥላ እንዲይዙ እንጂ ጋን እንዲሸከሙ አይደለም። ስለዚህ ውሃው እንዲወርድ አንዱን ጥግ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። አደረግሁ። የትኛው ጥግ ሥር እንደቆምኩ ግን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ፤ በአንገቴ ገብተው በጫማዬ ወጡ።

ዋናው ቅሬታዬ ተንሸራታቹን ክፍል ይመለከታል። ቤቱ ሲቆም እንደ መሳቢያ ወደ ጎን ይወጣል፤ ለጉዞ ሲነሳ ወደ ውስጥ ይገባል። ጣሪያው ጠፍጣፋ በመሆኑ እርስዎ እዚያ ላይ ተንጣለው ይተኛሉ። ክፍሉ ሲገባ ዳር ዳር ያለው የጎማ ማሸጊያ የቻለውን ይጠርጋል፤ ያልቻለው ከነቅጠሉ ከነአፈሩ ወደ ቤት ይገባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው ይላሉ፤ እጀታው ረጅም በሆነ የጎማ መጥረጊያ ውሃውን ጠርጎ ወዲያውኑ ማስገባት። «ወዲያውኑ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው ጉዱ። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ እጠርጋለሁ፤ ባለቤቴ ውስጥ ሆና ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ጠርጌ ጨረስኩና «አሁን!» ብዬ ጮህኩ። ወዳጅዎ ነፋስ ጩኸቴን ወሰደው። እሷ «ቆይ» ያልኩ መስሏት ቆየች፤ ያውም በትዕግሥት። ወርጄ በሩን እስካንኳኳ እርስዎ ጣሪያውን መልሰው ሞልተውት ነበር። የመጀመሪያው ኩባያ አልጋው ላይ አረፈ።

ደግሞ የበሩ ነገር አለ። የውስጡ እቃ ቀድሞ፣ የውጪው በኋላ ይሸከፋል፤ ውጪውን የጀመረ ሰው ከነጫማው ተመልሶ አይገባም። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። መነጽሬን ስፈልግ፣ የሳጥኑን ቁልፍ ስፈልግ፣ መነጽሬን እንደገና ስፈልግ፣ አሥራ አንድ ጊዜ የጣስኩትም እኔ ነኝ። በየምልልሱ ሲረግፉ የነበሩት ጠብታዎች ምንጣፉን አልፈው ከሥሩ ያለውን ኮምፔንሳቶ እንደሚያሳብጡት ጠፍቶኝ አይደለም።

የመብራቱን ገመድ በተመለከተ ግን ምስጋና ይገባኛል። መጀመሪያ ኃይሉን ቆረጥሁ፣ ከዚያ ነቀልሁ፣ በፎጣ እያደረቅሁ ጠቀለልሁና ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ በውጪው እቃ ማስቀመጫ አኖርሁ። ጭቃ የጠጣውን ፎጣ አልጋው ላይ መወርወሬን ባለቤቴ በየጊዜው ታነሣዋለች።

መሄድዎም እኮ አይታመንም። ማታ መስኮቶቹን ዘግተን ስንተኛ፣ የአራት ሰው ትንፋሽና የተሰቀለው የዝናብ ካፖርት እንፋሎት መስታወቱ ላይ ተሰብስቦ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። የጣሪያዋን መስኮት ገርበብ አድርጌ አየር ካላስገባሁ የቀረውን የሚጨርሰው ሻጋታ ነው።

እሱን ሻጋታ ፈርቼ ነው እንግዲህ፣ እርጥብ የተጠቀለለ ሸራ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተዘርግቶ መድረቅ አለበት በሚለው ምክር ቤቴ እንደደረስኩ በማግስቱ ጠዋት የዘረጋሁት። ፀሐይ ነበረች። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከሥሩ ተቀምጬ ነው፤ አንዱን ጥግ ዝቅ አድርጌያለሁ። ፊደሉ እዚህም እዚያም ከፈሰሰ ምክንያቱን ያውቁታል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለነፋስ
ለጭቃ
ለባለቤቴ (ፎጣውን የሚመለከተው አንቀጽ ሳይነበብ)