ለቀባሪው አረዱት

«ሕዝባችን ለለቅሶ እንጂ ለልማት አይሰበሰብም።»

ይህን ያሉት የከተማችን አንድ ኃላፊ ናቸው። ባለፈው ሳምንት በተጠራው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ፣ ማይክ ይዘው፣ አዛውንቶቹ ፊት። አዲስ አበባ ለሦስት ቀን የልምድ ልውውጥ ሄደው መመለሳቸው ነበር። ኮሪደሩን አይተዋል፣ መብራቱን አይተዋል፣ የብስክሌት መንገዱን አይተዋል። «ምርጥ ተሞክሮ ቀምረን መጥተናል» አሉ። ቀጥለው ውሳኔውን አሰሙን። ከእንግዲህ የሰፈር መንገድ ላይ ድንኳን መትከል ክልክል ነው። ለቅሶም ሠርግም አዳራሽ ተከራይቶ ነው። የእድራችን ዕቃ ቤት ደግሞ ይፈርሳል፤ ሜዳው «አረንጓዴ ስፍራና ካፌ» ይሆናል።

የከተማዬን ስም አልጠራም። ጎጃም ውስጥ ናት፣ ያ ይበቃል። ከደጀን እስከ ዳንግላ ያለ የከተማ ነዋሪ ይህን ንግግር በአንድም በሌላም መልኩ ሳይሰማው አይቀርም።

ድንኳኑ ይቆየን። መጀመሪያ ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ላንሳ፤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳችኝ እሷ ናት። ለለቅሶ እንጂ ለልማት አይሰበሰብም። ይህን የሚል ሰው ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ አንድም ቀን ረጋ ብሎ አልተቀመጠም። ቢቀመጥ ኖሮ የሰፈር ልማት የሚጠነሰሰው እዚያ እንደሆነ ያይ ነበር።

እኔ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው። ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ፣ ሽፋኑ ላይ የስኒ ክብ ምልክት የቀረበት ትልቅ ጥቁር ደብተር ነው። ከስብሰባው እንደተመለስኩ አውጥቼ ማገላበጥ ጀመርኩ። የ2004 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። የጎጃም ሐምሌ ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። አንዲት እናት አርፈው አስከሬናቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘን ስንወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ከፊት የነበረውን ተሸካሚ አዳለጠው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገባ። ሳጥኑ ወደ ግራ አዘመመ። አራት ሰው ተረባርቦ ደገፈው። ልጃቸው «እናቴን ጣላችኋት!» ብላ የጮኸችው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ቀብረን ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ ጎርፍ ገብቷል። አግዳሚዎቹ ውኃ ላይ ቆመዋል። እግራችንን ሰቅለን ንፍሮ ስንቆረጥም የእድሩ ዳኛ ተነሡ። «ከእንግዲህ ሰው እንዲህ አድርገን አንቀብርም» አሉና ተቀመጡ።

እዚያው ተወሰነ። ጽሑፉ የኔ አይደለም፣ ከኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ ናቸው የጻፉት። ውኃ ነክቶት ሰማያዊው ቀለም ፈስሷል፤ ግን ይነበባል። መንገዱ ድንጋይ እንዲነጠፍ፣ ከየቤቱ እንደ አቅሙ እንዲዋጣ፣ ያጣ በጉልበቱ እንዲያግዝ ይላል።

ሰልስቱ ሳይወጣ ኮሚቴ ተመረጠ። ገንዘቡ ግን ሁለት ዓመት ግድም ፈጀ። አረቄ አውጥተው የሚሸጡት ሴቶች ከማንም ቀድመው ከፈሉ። መምህራኑ በየወሩ ከደመወዛቸው ቀነሱ። አንዲት ጎረቤታችን የሚያዋጡት ሳንቲም አልነበራቸውም፤ ሥራው እስኪያልቅ ለሠራተኞቹ ቆሎና ጠላ አቀረቡ። ማዘጋጃ ቤቱም ድርሻውን ጨምሯል፣ አልክድም። የጨመረው ግን እኛ ከጀመርን በኋላ ነው።

ኮብልስቶን ሲሠራ ላላየ ሰው ቀላል ይመስለዋል። መጀመሪያ ውኃው የሚሄድበት ቦይ ይቆፈራል፤ ቦይ የሌለው ንጣፍ ክረምት አይችልም። ከዚያ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ አሸዋ ይደለደላል። ጥቁሩ ድንጋይ በመዶሻ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ እየተጠረበ አንድ በአንድ ይደረደራል፣ ክፍተቱም በአሸዋ ይሞላል። ጠራቢዎቹ በማኅበር የተደራጁ የሰፈሩ ልጆች ነበሩ። ደግሞ ድንጋይ ነውና ይነቀላል፣ ይመለሳል። ቧንቧ ሲፈነዳ አንሥተን፣ አስጠግነን፣ ያንኑ ድንጋይ መልሰን እንደረድራለን። እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ አድርገነዋል።

ኃላፊው ወደ ስብሰባው በመኪና የመጡት በዚያ መንገድ ላይ ነው።

ሌሎቹን ገጾች ቶሎ ልለፋቸው። የመንገድ መብራት ለማስገባት የተዋጣው አለ። በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን ደንባችንን አሻሽለን፣ ለሞተ ብቻ ሳይሆን ለታመመና እናት አባት ለሌለው ልጅ እንድንከፍል የወሰንነው አለ። ይህን ያደረገው የኛ እድር ብቻ አይደለም፣ በመላ አገሪቱ ብዙ እድሮች አድርገውታል። ባለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ማን ቤት ዘይት እንዳለቀ፣ ማን ቤት አራስ እንዳለች ያወቀው ጎረቤት ነው። ያ መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ መጻፍ ያለብን አልመሰለንም ነበር። አሁን ሳስበው መጻፍ ነበረብን።

«ኋላቀር ልማድ» የሚሉም በስብሰባው ላይ ነበሩ። እድር ከገጠር ተንጠልጥሎ የመጣ፣ ዘመናዊ ከተማ የማይመጥን ነገር አድርገው ነው የሚያወሩት። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ገጠር ውስጥ ዘመድ አለ፣ ደቦ አለ፣ ወንፈል አለ። ሰው አገሩን ትቶ ከተማ ሲገባ ነው ቀባሪ የሚያጣው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ከየአገሩ የተሰበሰበው ሰው ዘመድ የለውም ነበርና ጎረቤቱን ዘመድ አደረገ። እድር የበረታው እንዲህ ነው። እድር የከተማ ልጅ ነው። ቀበሌ የሚባለው ነገር ወደ ከተማ የመጣው በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ነው፤ እድር ያኔ ጎልማሳ ነበር። መንግሥታት ሲቀያየሩ የቀበሌው ማኅተም ተቀየረ፣ ክፍለ ከተማ መጣ፣ ወረዳ መጣ። የእድሩ ጥሩንባ ግን ያው ነው። ለዘመናዊ ከተማ የሚሠራ ነገር ፈልጎ አባይን መሻገር ለምን አስፈለገ? ደጃችን ላይ አለ።

መሻገሩንም ቢሆን እኔም ተሻግሬ አይቻለሁ። ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ናት። ከ30 ዓመት በላይ ፒያሳ አካባቢ በቀበሌ ቤት ኖራለች። ሰፈሩ ሲነሣ ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። አምና ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ኃላፊው ያዩትን ሁሉ አይቻለሁ። ማታ ፒያሳን በእግሬ ዞሬያለሁ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያምራል፣ ሰው ልጁን ይዞ ይንሸራሸራል። አያምርም አልልም። የእህቴም ቤት ከበፊቱ ይሻላል፤ የራሷ መጸዳጃ ቤት አላት፣ ጣሪያዋ አያፈስም።

ግን እሁድ ጠዋት ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰች። «ወዴት ነው?» አልኳት። «እድር ልከፍል» አለች። ሁለት ታክሲ ይዘን ሄድን። ሰፈሩ የለም። የቀድሞው የእድር ቤት የነበረበት ቦታ መንገድ ሆኗል። አባላቱ የሚገናኙት አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ግንብ ተደግፈው ነው። አንዱ ከምሥራቅ ጫፍ፣ አንዱ ከደቡብ ጫፍ ይመጣል። ገንዘብ ያዡ ላስቲክ የታሰረ ደብተር ከፌስታል አውጥተው ምልክት ያደርጋሉ። እህቴ ከፍላ ከጨረሰች በኋላ ለመሄድ አልቸኮለችም። የመጣውን ሁሉ ጉንጩን እየሳመች ቆመች። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እጄን ይዛ «ወንድምዓለም፣ አዲሱ ፎቅ ላይ ሰው አለ፤ የሚቀብረኝን ግን ገና አላወቅሁትም» አለችኝ።

የልምድ ልውውጡ ቡድን ይህንን አላየም። እንዴት ያያል? ሆቴል አድሮ፣ አበል ፈርሞ፣ በሚኒባስ ዋናውን መንገድ ዞሮ የተመለሰ ሰው የሚያየው የመንገዱን ፊት ነው። ሰፈር ለማየት ቤት ገብቶ ቡና መጠጣት ያስፈልጋል። አቦልን ብቻ ጠጥቶም አይበቃም፤ እስከ በረካ መቆየት ነው።

ደግሞ ለመማር ከሆነ ባሕር ዳር ምን ጎደላት? መንገዷ በዕቅድ የወጣው፣ ዘንባባዋ የተተከለው ዛሬ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የሰላም ከተማ ብሎ ሲሸልማት በፍጥነት እየሰፋች ያለች ከተማ ችግሯን የያዘችበትን መንገድ አይቶ እንጂ የካፌ ብዛት ቆጥሮ አይደለም። እዚያ ሂዱና ጥላ ሥር ተቀመጡ። ዛፍ ተክሎ ማሳደግ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠይቁ።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። «ድንኳን መንገድ ይዘጋል፣ አምቡላንስ አያሳልፍም» ተብሏል። እሺ። ይህች አንዷ እውነት አላት። አንድ መኪና የሚያልፍበት ክፍት ይተው፣ ደንብ ይውጣ፣ እኛው እናስከብራለን። ከዚያ ያለፈው ግን ሰው አለማወቅ ነው። ለቅሶ ሰዓት የለውም። አዳራሽ ማታ ይቆለፋል፤ ሐዘንተኛ ግን ማታ ነው ብቻውን መሆን የማይችለው። ልጇን ያጣች እናት መደቧ ላይ ተቀምጣ ነው የምታለቅሰው፣ ልጇ ጫማውን ባወለቀበት በር ፊት ለፊት። እሷን አንሥቶ ከተማው ዳር የተከራየ አዳራሽ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ማስቀመጥ የትኛው ሥልጣኔ ነው? ሽሮውን ማን ተሸክሞ ይሂድ? ጎረቤት ሦስት ቀን እሳት የሚያነድደው፣ ድስት የሚያመላልሰው፣ ልጆቹን አብልቶ የሚያስተኛው ቤቱ አጠገብ ስለሆነ ነው። ደግሞ ኪራዩን ማን ይከፍላል? ድንኳኑ፣ ጎላው፣ አግዳሚው፣ ሳህኑ የኛ ነው፤ ተዋጥቶ የተገዛ። ድሃም ሀብታምም እኩል ይጠቀምበታል። አዳራሽ የግድ ሲሆን ያለው ብቻ በክብር ያለቅሳል። ሌላው ያፍራል። ጎጃሜ ደግሞ በሐዘኑ ከሚያፍር ቢሞት ይመርጣል።

ሜዳውስ? «አረንጓዴ ስፍራ» ይሉናል። ሜዳው ላይ ትልቅ ዋንዛ አለ። ከሥሩ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ እህል ያሰጣሉ፣ ሽማግሌዎች የተጣላ ያስታርቃሉ። የእድሩ ዕቃ ቤት ጥግ ላይ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ይህ አረንጓዴ ካልሆነ ምን አረንጓዴ ነው? ካፌ ሲሠራበት ዋንዛው ይቆረጥና በምትኩ ሣር ይነጠፋል፣ ሣሩ ላይ «አትርገጡ» የሚል ይተከላል። ማኪያቶ የሚገዛ ይቀመጣል። የማይገዛ አጥር ላይ ቆሞ ያያል።

በዚህ ሳምንት የሆነ ሰው መጥቶ የዕቃ ቤቱን በር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጎ ሄዷል። ማንም አላናገረንም፣ ደብዳቤም አልደረሰንም። ስነካው ገና አልደረቀም ነበር፤ ጣቴ ላይ ቀረ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተናል፣ ዋንዛው ሥር። ቅዳሜ ማታ ጥሩንባ ይነፋል። ለኃላፊውም የጥሪ ወረቀት በእጄ ጽፌ፣ የእድሩን ማኅተም አድርጌ ልኬላቸዋለሁ። ይምጡ። ወንበር አለን፣ ቡናም ይፈላል። መዝገቡን ከፍቼ ከ2004 ሐምሌ ጀምሬ አነብላቸዋለሁ፤ ቀለሙ የፈሰሰበትንም ገጽ ጭምር።