እምቦጩን የምንቀልበው እኛው ነን

የጎንደር ሰዎች ስሙኝ። የደምቢያ፣ የፎገራ፣ የሊቦ ከምከም ገበሬዎችም ስሙኝ። ዛሬ የምናገረው ስለ ራሳችን እጅ ሥራ ነው።

እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ጣና ሐይቅ ላይ መግባቱ በይፋ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። መጀመሪያ የታየውም የመገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ሰው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በባዶ እጁ ነቀለ! በ2010 ዓ.ም. "ጣና ኬኛ"፣ ጣና የእኛ ነው ብለው ከኦሮሚያ ድረስ የመጡ ወጣቶች አብረውን ጭቃ ውስጥ ገብተዋል። ገንዘብ አዋጣን፣ ማሽን ገዛን፣ ተሳልን፣ አለቀስን። አረሙ ግን ተመልሶ መጣ።

ለምን ተመለሰ? ዘሩ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ብዙ ዓመት ይቆያል። ሲመቸው ደግሞ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። የሚመቸው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲያገኝ ነው። እነሱን ማን ይሰጠዋል? ከማሳችን የሚታጠበው ዩሪያ፣ የከብቱ እዳሪ፣ ከከተማው የሚወርደው የሽንት ቤት ፍሳሽና የሳሙና እጣቢ ነው። ዘመቻ ወጥተን ስንነቅል እንውላለን። ቤታችን ስንገባ ቀለቡን እንልክለታለን።

ከከተማው ልጀምር፤ ውሃው የሚመጣው ከላይ ነውና። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሯት በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ነው። እስቲ ዛሬ ድልድዩ ላይ ቁሙና ቁልቁል እዩ። ፌስታል ነው፣ የውሃ ፕላስቲክ ነው፣ ያገለገለ ዳይፐር ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ የሌሊት ዝናብ ጠብቆ የሽንት ቤት ጉድጓዱን ወደ ቦይ የሚለቅ ሰው አለ። ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚናገረው ግን የለም። "ጎርፉ ይወስደዋል" ይላል ሰውዬው። አዎ፣ ይወስደዋል። ወደ መገጭ ይወስደዋል። መገጭ ደምቢያ ያደርሰዋል። እዚያ አንዲት እናት በጀሪካን ቀድታ ለልጇ ታጠጣዋለች።

ጥር 11 ቀን ከቀሃ የተጠለፈው ውሃ የፋሲልን ጥምቀተ ባሕር ይሞላል። ካህናቱ ይባርኩታል፣ ወጣቱ ይዘልበታል፣ እናቶች ለበረከት በጠርሙስ ይዘውት ወደ ቤት ይገባሉ። ሙስሊሙ ወገናችንም ለውዱእ ንጹሕ ውሃ ይሻል። ታዲያ በዚያው ሳምንት የቤታችንን ጥራጊ በዚያው ወንዝ ዳር የምንደፋው በየትኛው ሃይማኖታችን ነው? እኔ ይህን ሳስብ ያመኛል።

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሁላችንም እናማርራለን፤ እውነት አለን። የአባይ ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኛ ነን። ግን የአንገረብ ግድብ በደለል የሚሞላው አፈሩ ከሰማይ ወርዶ አይደለም። ከግድቡ በላይ ያለው ተዳፋት ያለ እርከን ስለሚታረስና ዛፉ ስላለቀ ነው።

አሁን ወደ ታች እንውረድ። ዋናው ነገር እዚያ ነው።

ረግረግን "ባዶ መሬት" የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን አባባል ተዉት። ደንገሉና ፊላው፣ ያ ረጃጅሙ የውሃ ዳር ሣር፣ ተጋጥግጦ የበቀለበት ቦታ ከላይ የሚመጣውን ድፍርስ ውሃ የሚያጠልል ማጥለያ ነው። ጎርፉ እዚያ ሲደርስ ሩጫው ይበርዳል። አፈሩ ይዘቅጣል። ማዳበሪያውን ሥሩ ይመጠዋል። ሐይቁ ጋ የሚደርሰው የቀረው ነው። መሬቱ ክረምት የጠጣውን ውሃ ደግሞ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። የካቲትና መጋቢት ላይ ጉድጓዳችሁ ውስጥ ውሃ የሚገኘው በዚህ ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ፎገራና ደምቢያ በጎርፍ ሲዋጡ ስንት ቤተሰብ እንደተፈናቀለ የምታስታውሱ አላችሁ። እንዲህ ያለ ውሃ ማረፊያ ይፈልጋል። ማረፊያውን አርሰን ከዘራንበት ደጃችን ላይ ያርፋል።

ፎገራ ውስጥ ሸሸርና ወለላ የሚባሉ ረግረጎች ነበሩ። ነበሩ የምለው ሙሉ በሙሉ ስለጠፉ አይደለም። የቀድሞውን ላየ ሰው ግን የተረፈው ያሳዝናል። በወፍ የሚሞሉ፣ ከብት በበጋ የሚሰማራባቸው፣ ዓሣ የሚራባባቸው ነበሩ። ውሃው ሸሸት ባለ ቁጥር ማረሻ ተከተለው። የቀረውን ደግሞ ለበጋ ሽንኩርት በሞተር ሳብነው። የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የተጠራው በዚያ ጨፌ ላይ አድጋ ነው። ጨፌውን ካጠፋን ላሟን በምን እናቆያታለን? ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦ ወገኖቻችንም በደጃቸው ይቆርጡት የነበረውን ደንገል ዛሬ ርቀው ይፈልጉታል።

የገበሬውን ችግር አላጣሁትም። መሬት ጠቧል፣ ልጅ በዝቷል፣ ጎልማሳው ልጅ "ድርሻዬን" እያለ ነው። ሩዝ ለፎገራ ትልቅ ነገር አድርጓል፤ ሩዝ ተዉ የሚል ሰው ቢመጣ እኔም አልሰማውም። ያለውን ማሳ አርሱ፣ አምርቱ፣ ይባረክላችሁ። የምገሥጻችሁ በየዓመቱ ባህር ሸሹን፣ ሐይቁ ሲያፈገፍግ የሚተወውን መሬት፣ ተከትላችሁ አንድ ትልም፣ ሁለት ትልም እያላችሁ እስከ ውሃው ከንፈር ስለምትገፉት ነው። ያ መሬት የወል ነው። የጎረቤታችሁ ከብት ግጦሽ ነው። የጎበዝ አለቃው ዘመዳችሁ ስለሆነ ወይም የቀበሌው ሹም ስላላየ የእናንተ አይሆንም።

ከወንዝ ዳር ትንሽ ራቁ። ጫፉን ለሳርና ለቁጥቋጦ ተዉት። ለዩሪያም ጊዜ አለው። ከባድ ዝናብ ሊጥል ደመና ባንዣበበበት ሰዓት የተበተነ ማዳበሪያ ገንዘቡም ከእናንተ ኪስ፣ ጉዳቱም ወደ ጣና ይሄዳል።

የኬሚካሉ ነገር ከሁሉም ያስፈራኛል። ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ የሚረጨው መርዝ በዝቷል። መርጫውን ወንዝ ውስጥ ማጠብ እንደ ቀላል ተለምዷል። ከዚያ ወረድ ብሎ ሌላው ሰው ፊቱን ይታጠባል፣ ከብቱም ይጠጣል። ባዶውን የመርዝ ጠርሙስ አጥባ ዘይት የምትይዝበት እህቴ፣ በእግዚአብሔር ስም ጣይው። መርዙ በእጥበት ከፕላስቲኩ አይለቅም። ከመጣልሽም በፊት ብሺው፣ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይጠቀምበት።

ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ቀጥቅጣችሁ ወንዝ ውስጥ የምትበትኑም አላችሁ። ላቢዮባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሣዎች በክረምት ከጣና ወጥተው ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ መገጭ የሚወጡት እንቁላል ሊጥሉ ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። እንቁላል የያዘችውን ዓሣ በመርዝ ስትገድሉ እናትዬውንም የሚመጣውንም ትፈጃላችሁ። ይህ ዓሣ ማጥመድ አይባልም።

ሹማምንቱንም አልተውም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ፣ ማለትም ተፈጥሮውና ነዋሪው አብረው የሚጠበቁበት ቦታ፣ ሆኖ ተመዝግቧል። ምዝገባው በዓል ተከብሮለታል፤ ባነርም ተሰቅሎለታል። የረግረጉ ወሰን ግን እስካሁን መሬት ላይ ድንጋይ ያልተተከለለት ስንት ቦታ አለ! ወሰን የሌለውን መሬት ገፍቶ የያዘውን ገበሬ ብቻ መክሰስ ደግሞ ፍርድ አይሆንም።

አባቶች ሆይ፣ መጨረሻ ወደ እናንተ መጣሁ። አገሩ በሙሉ ሲራቆት የቤተ ክርስቲያን ደን ያልተነካው ሰው ግዝታችሁን ስለፈራ ነው። ወረዳ ያላስከበረውን እናንተ በአንድ ቃል አስከብራችኋል። ለዛፉ የተናገራችሁትን ለደንገሉና ለጨፌውም ተናገሩ። የመስጊድ አባቶችም በጁምዓ ተናገሩ። የአገር ሽማግሌዎች ከቀበሌው ጋር ሆናችሁ ዘንድሮ በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይከብድ፣ የየጎጡን ረግረግ ወሰን በእግር ዞራችሁ ድንጋይ ትከሉበት። ከዚያ ወዲያ ማረሻ ያሳለፈ ሰው በዕድሩም፣ በማኅበሩም ይጠየቅ።