ለክቡር «አገርዎን ይምረጡ»

ባሉበት

ጉዳዩ፦ አገሬን ስፈልግ ስላለፈው 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ምናልባት አያስታውሱኝም። እርስዎ ጌም ሊከፈት ሲል መሃል ላይ ብቅ የሚሉት፣ ጎንዎ ላይ ቁልቁል የምታይ ቀስት ያለችዎት ነጭ ሳጥን ነዎት። በቁመት ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጡም። ባለፈው ቅዳሜ ግን በእህቴ ልጅ ፊት ኩምሽሽ አድርገውኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። ጌሙን ዓመት ከመንፈቅ ጠብቄዋለሁ። ሲወጣ 70 ዶላር ነበር። 70 ዶላር በብር ስንት እንደሚመጣ እርስዎ አያውቁም፤ መደብራችሁ ብር የሚባል ገንዘብ መኖሩን አልሰማም። እኔ ግን ሰምቻለሁ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት፣ በባንክ ዋጋ 4 ሺህ ብር ገደማ ነበር። አሁን ያንኑ ሂሳብ የምሠራው ካልኩሌተሩን ከእማዬ ደብቄ ነው።

ስለዚህ ቅናሽ ጠበቅኩ። መጣም። 75 በመቶ! 17 ዶላር ከ49 ሳንቲም።

የዶላር ካርዱን እንዴት እንዳገኘሁት አላወራም። አንባቢዎቼ ያውቁታል። ፎርሙን ሞልተዋል፣ «ሲስተም የለም» ተብለዋል፣ በነጋታው ሲመለሱ ደግሞ ፎርሙ ተቀይሮ ጠብቋቸዋል።

ከፈልኩ። ክፍያው በአራት ሰከንድ አለፈ። እዚህ ጋ ልብ ይበሉልኝ፦ ስከፍል «የየት አገር ሰው ነህ?» ያለኝ የለም። ካርዱ ከአዲስ አበባ መምጣቱን እያየ መደብሩ ዋጥ አደረገው።

ከዚያ ዳውንሎድ። 96 ጂቢ። አራት ሌሊት። ሁለተኛው ሌሊት ላይ 41 በመቶ ሲደርስ መብራት ሄደ። ሲመጣ «ፋይሎቹን እያረጋገጥኩ ነው» አለኝና 38 ላይ ቁጭ አለ። እማዬ በየማለዳው በሩን ገርበብ አድርጋ አረንጓዴውን መስመር ታየዋለች።

«ይሄ ነገር ዛሬም አልበሰለም?»

«ትንሽ ይቀረዋል እማዬ።»

«ለመብራቱ ማን እንደሚከፍል ግን ታውቃለህ አይደል?»

ቅዳሜ በሰለ።

የእህቴ ልጅ ናቲ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጌሙ ስለሚመጣበት ቀን ከኔ በላይ ሲቆጥር የከረመ እሱ ነው። ጓደኛውን አስከትሎ መጣ። ከሳሎን ወንበር ጎትተው አመጡ። እማዬ፣ መብራቱን ረስታ፣ ፈንዲሻ በሰፌድ አቀረበች። ጌሙን ከፈትኩ። የድርጅቱ አርማ መጣ። ሙዚቃው መጣ። ናቲ የጓደኛውን ጉልበት ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

ከዚያ እርስዎ መጡ።

ቀላል ነው አልኩ። አገሬን አውቃታለሁ፣ ተወልጄባታለሁ። ቀስቷን ተጭኜ ወረድኩ። ዴንማርክ። ኢኳዶር። ኢስቶኒያ። ፊንላንድ። አለፍኳት መሰለኝ ብዬ ተመለስኩ። ፊንላንድ። ኢስቶኒያ። እንደገና በቀስታ፣ ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ። ኢስቶኒያ። ፊንላንድ። በመሃላቸው ክፍተት እንኳ የለም። ጥርስ ሲነቀል እኮ ቢያንስ ድዱ ይታያል!

ምናልባት በድሮ ስማችን አስገብተውን ይሆናል ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ፤ አቢሲኒያ የለችም። በሙሉ ስማችን ይሆናል ብዬ «ፌዴራላዊ» የሚል ፈለግኩ፤ የለም። ተስፋ ስቆርጥ «ሌላ» የሚለውን ፍለጋ እስከ መጨረሻው ወረድኩ። ሁሌም ከታች «ሌላ» አለ አይደል? ማንም ፎርም ላይ አለ። እርስዎ ጋ የለም። «ሌላ» እንኳ አይደለንም።

ናቲ ፈንዲሻ በአፉ ሞልቶ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ የጌሙ ስም አገር ፍለጋ ነው?»

ምን ልበለው?

ፊንላንድን መረጥኩ። አዎ፣ ካድኩ። ለአንድ ደቂቃ የሄልሲንኪ ነዋሪ ሆኜ ነበር፤ ብርዱ ሳይሰማኝ በ+358 የሚጀምር ስልክ ተጠየቅኩ። የማረጋገጫ ቁጥሩ እዚያ ነው የሚላከው። ዳላስ ያለውን የአክስቴን ልጅ ደወልኩለት። እዚያ ገና ጠዋት ነው፤ ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አድራሻውንና ስልኩን ለመንኩት። «ታክስ አያመጣብኝም?» አለኝ። ጌም ነው አልኩት። «በስሜ የሚገዛ መሣሪያ አለው?» አለ። ሰይፍ ብቻ ነው አልኩት። እሱ ሲያስብ፣ ቁጥሩ ሲላክ፣ የተላከው ቁጥር ጊዜው አልፎበት እንደገና ሲላክ፣ በመጨረሻም ካርድህና አገርህ አይገናኙም ተብዬ አካውንቱ ሲታገድ ፈንዲሻው አለቀ። ልጆቹ ኳስ ሊጫወቱ ወጡ። ወንበሩን እንኳ አልመለሱም።

ይሁን፣ ገንዘቤን ልመልስ አልኩ። መደብሩ ደግ ሕግ አለው፦ ከገዙ 14 ቀን ካልሞላ፣ ጌሙንም ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወቱ ይመለሳል። ማመልከቻዬን ጽፌ ተኛሁ። ጠዋት መልስ መጥቷል። ጌሙን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ስለተጫወትኩት ጥያቄዬን መቀበል አይቻልም። ስለተጫወትኩም ያመሰግኑኛል።

ምኑን ነው የተጫወትኩት? እርስዎን እኮ ነው! እርስዎ ስክሪኑ ላይ ተገትረው በቆዩባት በእያንዳንዷ ደቂቃ ከኋላ ሰዓቱ ሲቆጥር ነበር ለካ። ወያላ እንኳ «ሞልቷል፣ ውረድ» ብሎ አስወርዶ ሂሳብ አይቀበልም።

ይቅርታ፣ ክቡር፣ አንቱታው እዚህ ጋ ለጊዜው ይቁም።

አንተ ሳጥን። እኔን የሚያንገበግበኝ 17 ዶላሩ አይደለም። ዋጋ ስትቆርጥ የዓለም ዜጋ ነኝ፤ ከኒውዮርኩ ልጅ እኩል በዶላር እከፍላለሁ። ልጫወት ስል ግን ኢትዮጵያዊ መሆኔ ትዝ ይልሃል። ገንዘቤን ስትቀበል አገሬን አላጣሃትም። ስታስወጣኝም አላጣሃትም። የምታጣት ስም ዝርዝር ውስጥ ስፈልጋት ብቻ ነው። አንድ መስመር ጽሑፍ ነው እኮ! ሰው ደመወዝ እየተከፈለው ቁጭ ብሎ ዝርዝሩን ጽፏል፤ ኢስቶኒያን ጽፏል፣ ከዚያ እጁ ዘሎናል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነው የዘለለው።

ደግሞ የመጀመሪያው አይደለም። በሜይ 2024 ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለ ጌሙን በፒሲ፣ ማለትም በኮምፒዩተር፣ የሚጫወት ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት ያውጣ አለ። ጌሙ ከተሸጠ ወራት በኋላ ነው ይሄ። አካውንቱ ደግሞ የማይሰጥባቸው አገሮች ሞልተዋል፣ እኛም አለንበት። ወዲያው ጌሙ በ177 አገሮችና ግዛቶች ስቲም በሚባለው የጌም መደብር ላይ ከሽያጭ ተነሳ። ተጫዋቹ በቁጣ ነቅሎ ወጣ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር አሉታዊ አስተያየት ወረደበት። በቀናት ውስጥ ሶኒ ውሳኔውን ሻረ።

የጌም ዜና ያን ሳምንት ብታየው ሠርግ ነበር። ተጫዋቾች አሸነፉ፣ ድምፃችን ተሰማ። እኔም ደስ ደስ ብሎኝ ስቲምን ከፈትኩ። ጌሙ ያኔ ለኛ አልተመለሰም። ድል አድራጊዎቹ እየተጫወቱ ነበር፤ እኛ ምክንያት ሆነን ያሸነፉበትን ጦርነት እኛ ከውጭ እናይ ነበር። ስለዚህስ ማን ጻፈ? ዜናው የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ሲደርስ «በአንዳንድ አካባቢዎች አሁንም አይገኝም» ብሎ ያልፍ ነበር። አንዳንድ አካባቢዎች ማለት እኛ ነን፣ እናንተ። ሰፈር ነን እንጂ አገር አይደለንም። ያው ሶኒ በጃንዋሪ 2025 በአንዳንድ የፒሲ ጌሞቹ ላይ አካውንቱን ለፈለገ ብቻ አደረገው። ለፈለገ ብቻ! ታዲያ መጀመሪያውኑ ምን ይሠራ ነበር?

እሺ። ተንፍሻለሁ። ወደ አንቱታው ልመለስ።

ስለ ቤተዘመድዎም ጥቂት ቅሬታ አለኝ። አንድ ጌም ለመክፈት መጀመሪያ ሌላ ላውንቸር፣ ማለትም የጌም ማስነሻ ፕሮግራም፣ የሚያስከፍተውን አጎትዎን ሰላም ይበሉልኝ። በየሐሙሱ ነፃ ጌም ለሚያድለው ኤፒክ ለተባለው የጌም መደብር ምስጋና አለኝ፤ አንዱንም ጌም ሳልከፍተው መደርደሪያዬ ሞልቷል፣ የተዝካር ቤት መስሏል። ጂቲኤ 6 የሚባለው ጌም ለ2025 ተቀጠረ፣ ወደ ሜይ 26፣ 2026 ተገፋ፣ ከዚያ ወደ ኖቬምበር 19፤ በየቀጠሮው ገጽ ሙሉ ትንታኔ አነበብኩ፣ እኔ ለምጫወትበት ፒሲ ግን ሁለቱንም ጊዜ ቀን አልተቆረጠለትም።

«ግዛ» ስለሚለው ቁልፍም አንድ ነገር። ካሊፎርኒያ በ2024 ሕግ አውጥታ፣ መደብሮች የሚሸጡት ፈቃድ ብቻ መሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲናገሩ አድርጋለች። ስቲምም ቅርጫቱ ሥር ጽፎታል። እውነት ለመናገር እኔ አልደነገጥኩም፤ ያደግኩት በኪራይ ቤት ነው። «ዘ ክሩ» የሚባለውን የመኪና ጌም በ2014 ገዝተው ለዓመታት ሲነዱ የነበሩ ሰዎች ግን፣ የጌሙ ባለቤት ዩቢሶፍት በማርች 2024 መጨረሻ ሰርቨሩን ሲዘጋው መኪናው ጋራዥ ውስጥ እንዳለ ቁልፉ ተወሰደ። የኛ አከራይ እንኳ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሲሰጠን፣ ውጡ አለን እንጂ የኖራችሁበትን ዘመን መልሱ አላለም።

ሰኞ ዕለት ሰፈራችን ወዳለው ጌም ጫኝ ልጅ ሄድኩ። ሱቋ የስልክ ከቨርና ቻርጀር ትሸጣለች፤ ጌሙ ከጠረጴዛው ሥር ባለች አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። እሱ ጋ ላለመሄድ ነበር እኮ ያን ሁሉ የደከምኩት። ጌሙን የሠሩት ሰዎች የልፋታቸውን ያግኙ፣ እኔም እንደ ሰው ልግዛ ብዬ። ታሪኩን ነገርኩት።

«ገዛኸው?» አለኝ።

«ገዛሁት።»

«በራስህ ብር?»

«በዶላር።»

አልሳቀም። ቻርጀሩን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝና አዘነልኝ። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በሥራ ዘመኑ ለማንም ደንበኛ የሚያነሳውን አንድ ጥያቄ አነሳ፦ «ስንት ጂቢ ባዶ አለህ?»

አገሬን አልጠየቀኝም።

ክቡር ሆይ፣ 17 ዶላር ከ49 ሳንቲሙን ይያዙት። የምጠይቀው በኢስቶኒያና በፊንላንድ መሃል ጠጋ ጠጋ እንዲሉልን ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት ሆነን ለምደናል፣ ቦታ አናጣብብም።

ከሰላምታ ጋር
የአንዳንድ አካባቢዎች ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለፊንላንድ፣ ለአንድ ደቂቃ ስላስተናገደችኝ
ለእማዬ፣ የበሰለው ነገር ስላረረ
ለናቲ፣ ወንበሩን መልስ
ለሰፈራችን ጌም ጫኝ፣ ሀርድ ዲስኩን ማክሰኞ እወስዳለሁ