ባለታሪኮቹ ፊልሙን አይተውታል?
ስለ ገለልተኛ (ከትልልቅ የፊልም ኩባንያዎች ነጻ ስለሆኑ) ዘጋቢ ፊልሞች የቀረበን አንድ ጽሑፍ አንብቤ ነበር። ጸሐፊው እነዚህ ፊልሞች የማኅበረሰብን ትውስታ ጠብቀው ያቆያሉ ማለታቸው በከፊል ያስማማኛል፤ ሆኖም ትውስታ ተጠብቆ የሚቀመጥ ዕቃ ሳይሆን በተነገረ ቁጥር መልኩን የሚቀይር መሆኑን የዘነጉት ይመስለኛል። የካምቦዲያ ተወላጁ የፊልም ባለሙያ ሪቲ ፓን እ.ኤ.አ. በ2013 ባቀረበው ፊልም፣ ከ1975 እስከ 1979 ካምቦዲያን በገዛው የኮሚኒስት ቡድን፣ በክሜር ሩዥ አገዛዝ ቤተሰቡ ያየውን መከራ የሚያሳይ ምስል ስላልነበረው፣ ታሪኩን ከሸክላ በተቀረጹ ትንንሽ የሰው ምስሎች ተርኮታል። እዚህ ላይ ሥነ ጥበቡ ጌጥ አይደለም፤ የጠፋውን ምስል ተክቶ የቆመ፣ ግን ማስረጃ ነኝ ብሎ የማያታልል መንገድ ነው።

ማኅበረሰብን በሚመለከተው ክፍል ግን ጽሑፉ ቸኩሏል። ፈረንሳውያኑ የፊልም ባለሙያ ዣን ሩሽና የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኤድጋር ሞራን እ.ኤ.አ. በ1960 የበጋ ወራት በፓሪስ የቀረጹትን ፊልም ለተቀረጹት ሰዎች አሳይተው፣ የተነሣውን ክርክርም የፊልሙ አካል አድርገውታል፤ ባዩት ያልተደሰቱ እንደነበሩም እዚያው ይታያል። ይህን ለማድረግ ከገንዘብ ይልቅ ጊዜና (እውነቱን ለመናገር) ድፍረት ስለሚጠይቅ፣ የአንድን ፊልም ገለልተኝነት ስንመዝን በጀቱ ከየት መጣ ከማለታችን በፊት ባለታሪኮቹ ሥራው ሳያልቅ አይተውታል ወይ ብለን ብንጠይቅ እመርጣለሁ።