ጣዝማን ከነቤቷ አትፍጁ

ጎበዝ፣ የጎጃም ሰው ስማኝ! ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ፣ ከቡሬ እስከ ሞጣ፣ ሳል የጠናበት ሁሉ የጣዝማ ማር ያፈላልጋል። መፈለጉ ክፋት የለውም። አያቶቻችንም ለጉሮሮና ለሆድ ሕመም ሲልሱት ኖረዋል። ክፋቱ አወጣጡ ላይ ነው።

የማር ንብን እናከብራታለን። በማሯ ጠጅ እንጥላለን፣ ሰሟ ጧፍ ሆኖ በቅዳሴ ይበራል፣ ቀፎም ሠርተን እንሰቅልላታለን። ለጣዝማ ግን ያለን ዶማ ብቻ ነው። መናደፊያ የላትማ! ቤቷ መሬት ውስጥ ነው፣ በሯም ትንሽ ቀዳዳ ነች። ቆፋሪው ቁጭ ብሎ የሚገቡና የሚወጡትን ጥቃቅን ንቦች ያያል፣ ከዚያ ይቆፍራል።

ዶማው የሚደርስበትን ልንገራችሁ። ጣዝማ ማሯን የምታስቀምጠው በትናንሽ ድቡልቡል የሰም ቋቶች ነው። እዚያው አጠገብ እጮቿ አሉ። ንግሥቷም አለች። እንቁላል መጣል ከጀመረች በኋላ ሆዷ ስለሚያብጥ መብረር አትችልም። የማር ንብ ቤቷ ቢፈርስ ከነንግሥቷ ልትሰደድ ትችላለች። የጣዝማ ንግሥት ግን የትም አትሄድም። ጉድጓዱ ክፍት ከቀረ ጉንዳን ይገባል፣ በቃ አለቀ። ለአንድ ብርጭቆ ማር ብላችሁ መንጋውን ፈጃችሁ ማለት ነው። ለከርሞስ ከየት ልታመጡ ነው?

ሻጮችም አላችሁ። የጣዝማ ማር በተፈጥሮው ቀጠን ያለና ኮምጠጥ የሚል ነው። ይህን ሰበብ አድርጎ ስኳር በጥብጦ «ጣዝማ ነው» የሚል አለ። ልጇ ሲስል ያደረባትን እናት በዚህ ማታለል ነውር ነው፣ ግፍም ነው! እናቶች ሆይ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ የጣዝማም ሆነ የንብ ማር አታልሱ፣ ለጨቅላ አደገኛ ነው። ትንፋሽ የሚያጥረውን ልጅ ሳታመነቱ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ጣዝማን ከመሬት አውጥቶ በሳጥን ማኖር ይቻላል። በሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ሠርተውበታል። የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ «እኛንስ መቼ ታስተምሩናላችሁ?» ብላችሁ ወጥሩት። እስከዚያው መቆፈር ግድ ከሆነባችሁ በቀስታ ቆፍሩ። ማሩን ሁሉ አትጥረጉ፣ ለራሷም ተዉላት። እጮቹንና ንግሥቷን አትንኩ። አፈሩን መልሱ፣ መግቢያዋን ግን አትድፈኑባት። ገዢውም ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ጉድጓዱ ተመልሶ እንደሆነ ይጠይቅ። ያልመለሰውን አትግዙት።