ድሬዎች፣ ስለ ጨው ስሙኝ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምወቅሳችሁ በጨው ነው። ቀፊራ ገበያ ግቡና ከተከፈተ ጆንያ በጣሳ እየተሰፈረ የሚሸጠውን ጨው ተመልከቱ። ፀሐይ ሲመታው ይውላል። አዮዲን የሚባለው፣ ሰውነታችን በጥቂቱ የግድ የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር፣ ይኑረው አይኑረው በዓይን አይለይም፣ በምላስም አይለይም። ረከስ ስላለ ብቻ እንገዛዋለን። ለበርጫ የማንሰስት ሰዎች ጨው ላይ ሳንቲም እንቆጥራለን!

አዮዲን ሲያንስ አንገት ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ነው። «እንቅርት የደጋ በሽታ ነው፣ እኛ ቆላ ነን» የምትሉ አላችሁ። አዮዲን ወደ ምግባችን የሚገባው ከአፈር ነው። ጎርፍ ለዘመናት ያጠበው ተራራማ መሬት አዮዲኑ ተጠርጎ ሄዷል፤ እዚያ የበቀለው እህልም አትክልትም ያው ነው። ታዲያ ድንቹ፣ ጎመኑ፣ ማሽላው ከየት ነው የሚመጣልን? ከሐረማያ፣ ከቀርሳ አይደለም እንዴ? ቆላ ተቀምጠን የምንበላው የደጋውን ነው። «ከጅቡቲ የመጣ የባሕር ጨው አዮዲን አለው» የሚባለውም ስሕተት ነው። የባሕር ውሃ ደርቆ ጨው ሲሆን የሚተርፈው አዮዲን ከቁጥር አይገባም። ከአፋር የሚመጣው የአፍዴራ ጨውም ቢሆን ፖታሲየም አዮዴት የሚባለው የአዮዲን ውህድ ካልተረጨበት የለውም።

አንገታችሁን ዳስሳችሁ «ደህና ነኝ» አትበሉ። የከፋው ጉዳት አንገት ላይ አይታይም። እርጉዝ ሴት አዮዲን በጣም ካነሳት ጽንሱ ሊጨነግፍ፣ ሞቶም ሊወለድ ይችላል። በሕይወት የተወለደውም አእምሮው በሚገባ ሳያድግ ሊቀር ይችላል። ያንን ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ «ሰነፍ» እያልን እንገርፈዋለን። ምን አጠፋ? በማህፀን የተጎዳን አእምሮ ኋላ የሚበላ ጨው አይመልሰውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በጥቂት ብር መከላከል እየተቻለ!

ጨው አብዙ ግን አላልኩም። አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃዋል፤ እርጉዝ ሴት 250 ያስፈልጋታል። በኪሎው 30 ሚሊግራም አዮዲን ያለው ጨው ከሆነ 5 ግራሙ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህሉ፣ የአዋቂውን ይሸፍናል። ደም ግፊት ያለባችሁ እንዲያውም ጨው ቀንሱ። የምትበሉት ጥቂቱ አዮዲን ያለው ይሁን ነው የምለው።

እሽጉን ገዝታችሁ ቤት ውስጥ የምታበላሹትም አላችሁ። አዮዲን ሙቀትና እርጥበት አይችልም። በዚህ በድሬ ሙቀት ላይ ክዳን በሌለው ዕቃ ምድጃ ሥር ታስቀምጡታላችሁ። ለምን? የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ገልብጡት፣ ጥላ ያለበት ቦታ አኑሩት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። በቃ፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

ባለሱቆች፣ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያዘው ደንብ ከወጣ ቆየ፤ በ2003 ዓ.ም. ነው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው። አላወቅንም ማለት አይቻልም። ለከብት የመጣውን ጨው ለሰው አትስፈሩ። እሽጉንም ሱቃችሁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ አትከምሩት።

እናንተ ቁጥጥሩ የተሰጣችሁ ደግሞ፣ ጨው መፈተሻዋ ጠብታ በእጅ የምትያዝ ናት። አዮዲን ካለው ጨው ላይ ስትንጠባጠብ ቀለሙ ወዲያው ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል። ገበያው በሚደምቅበት ሰዓት ይዛችኋት ቀፊራ ውረዱ፤ ሕዝቡ ፊት ጆንያ በጆንያ ፈትሹ።